ድራግ ሬስ ላይ የስቶክ መኪና መስታወት ላይ የተጻፈችውን ፊደል እንዴት እናንብባት? ከነታሪኩ

ድራግ ሬስ ሄዳችሁ የምታውቁ ይሄን አይታችኋል፣ እነዛ ናይትሮ የሚባል ነዳጅ የሚያቃጥሉት ረጃጅም መኪኖች ሲወጡ ሰው ሁሉ ተነስቶ ስልኩን ያወጣል፣ እነሱ ሲያልቁ ደግሞ ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ዳርት፣ አንዳንዴም አባት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስበት የነበረ የሚመስል የ60ዎቹ ሴዳን ተራ ይዞ ይሰለፋል፣ ያኔ ሰው በርገር ሊገዛ ይነሳል። እኔ የምላችሁ ያኔ አትነሱ ነው። ከሁሉም ክፍል ታሪክ ያለው እዛ ነው፣ ታሪኩም ተደብቆ አይደለም መስታወቱ ላይ በነጭ ተጽፏል፣ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅብን። አንዴ ካወቃችሁት ደግሞ አንድ መኪና ከመነሳቱ በፊት ስንት ፈረስ ጉልበት እንደተመዘገበለት፣ ካምቢዮው ምን እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚለቀቅና ለምን እንደሆነ ትናገራላችሁ።

ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መሰረቱን እንያዝ። ድራግ ሬስ ማለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ከቆመበት ተነስቶ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ማይል ማለትም 402 ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ውድድር ነው፣ ኩርባ የለም ዙር የለም። አሜሪካ ውስጥ ትልቁ አወዳዳሪ ኤን ኤች አር ኤ የሚባለው ነው፣ ዋሊ ፓርክስ በ1951 ነው ያቋቋመው፣ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ውድድርም በ1955 ካንሳስ ውስጥ ግሬት ቤንድ የምትባል ከተማ ላይ አደረጉ። ታዲያ ያን ጊዜ ሜዳ ላይ የሚመጣው ሁሉ ጋራዥ ውስጥ ቆርጦ ቀጥሎ የሰራ ሰው ብቻ አልነበረም፣ ሰኞ ስራ የሚሄድበትን መኪና እሁድ ይዞ የሚመጣ ብዙ ነበር። ስቶክ የሚባለው ክፍል ለዚህ ሰው ነው የመጣው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና ማለት ነው።

ችግሩ ወዲያው ነው የሚታያችሁ። አንዱ ባለ ስምንት ሲሊንደር አዲስ መኪና አለው፣ ሌላው ባለ ስድስት፣ ያውም ከባድ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ብታስነሷቸው ውድድር አይባልም። በዋጋ እንከፋፍል ቢባል አይሆንም፣ በሞተር መጠን ብቻ ቢባልም አይሆንም ምክንያቱም ትልቅ ሞተር ያለው መኪና በጣም ከባድ ሊሆን ይችላል። የተገኘው መላ ክብደትን ለፈረስ ጉልበት ማካፈል ነው፣ እስከ ዛሬም የስቶክ ውድድር ሁሉ በዚች አንድ ስሌት ላይ ነው የቆመው።

ስሌቱን አብረን እንስራው፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተመዘገበለት ክብደት 3,400 ፓውንድ ነው እንበል፣ በኪሎ 1,542 አካባቢ። ካታሎጉ ላይ ያለው ጉልበት 340 ፈረስ ነው። 3,400 ለ340 ሲካፈል 10፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ፈረስ 10 ፓውንድ ይጎትታል ማለት ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ፈጣን ነው ተብሎ ይታሰባል፣ ክፍሎቹም በዚህ ቁጥር በቅደም ተከተል ይደረደራሉ፣ ከአንዱ ክፍል ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት በዘመናችን ስቶክ ግማሽ ፓውንድ አካባቢ ነው። ከላይ ያሉት ፈጣኖቹ ኤ ይባላሉ፣ ከዛ ቢ፣ ከዛ ሲ እያለ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ይወርዳል፣ ከኤ በላይ ደግሞ ድርብ ኤ አለ።

አሁን መስታወቱን አንብቡ። ከስላሹ በፊት ያለችው ፊደል ክፍሉ ናት፣ ከስላሹ በኋላ ኤስ ብቻ ካለ ማንዋል ካምቢዮ ያለው ስቶክ ነው፣ ኤስኤ ካለ አውቶማቲክ ነው። ስለዚህ ሲ/ኤስኤ ብታዩ ሲ ስቶክ አውቶማቲክ ብላችሁ ታነባላችሁ። ሱፐር ስቶክ (ከስቶክ የበለጠ ለውጥ የሚፈቀድበት ክፍል) ከሆነ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው፣ መጀመሪያ ኤስኤስ ከዛ ስላሽ ከዛ የክፍሉ ፊደል፣ አውቶማቲክ ከሆነ መጨረሻው ላይ ኤ ይጨመራል። ጂቲ የሚል ካያችሁ ደግሞ ሱፐር ስቶክ ውስጥ ያለ ሆኖ የዛው ፋብሪካ ሌላ ሞተር የገባለት መኪና ነው። ኤፍኤስ የሚለው አዲሶቹ ከፋብሪካ ለውድድር ብቻ ተሰርተው የሚሸጡት ናቸው፣ እነሱጋ ኋላ እንመለሳለን።

ማንዋልና አውቶማቲክ ለምን ተለያየ የሚል ሰው ይኖራል። በ50ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ አውቶማቲክ ካምቢዮ ጉልበት ይበላ ነበር፣ በፍሪሲዮን የሚለቅ ጎበዝ ሹፌር በቀላሉ ያልፈው ነበር፣ ለየብቻ ማድረግ ፍትህ ነው። በኋላ አውቶማቲኩ እየተሻሻለ መጣ፣ ክፍፍሉ ግን ቀረ። ለተመልካች ጥሩ ነው የቀረው፣ ምክንያቱም ትልቅ ሞተር ያለው ማንዋል ስቶክ ሲነሳ የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ብድግ ይላሉ፣ መኪናው አየር ላይ ሆኖ ማርሽ ሲቀየር ማየት የሚጠገብ ነገር አይደለም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ስሌቱ ውስጥ ያለው የፈረስ ጉልበት ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው? መጀመሪያ ላይ ከፋብሪካው ነበር የሚመጣው፣ ፋብሪካው በማስታወቂያ ላይ ያለውን ቁጥር ይወስዱታል በቃ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ የተጀመረው። ተመልሳችሁ ያንን 3,400 ፓውንድ መኪና እዩት። እውነተኛ ጉልበቱ 400 ቢሆን ስሌቱ 8.5 ነው የሚመጣው፣ ፋብሪካው ግን 340 ብሎ ካስመዘገበው 10 ይሆናል። በግማሽ ፓውንድ ስትቆጥሩት ሶስት ክፍል ወርዶ ከደካሞች ጋር ይወዳደራል ማለት ነው። አንድ ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ጎማ ከመቀየርም ሞተር ከመክፈትም የበለጠ ያስሮጣል። ይሄን የገባው ሰው የ60ዎቹን ታሪክ ግማሹን ገብቶታል።

የአሜሪካ መኪና ሰሪዎች በ1957 በማህበራቸው በኩል ውድድር አንደግፍም ብለው ተስማምተው ነበር፣ ግን ብዙም አልዘለቀም። እሁድ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ይሸጣል የሚባለው ነገር እውነት ሆኖ ስላገኙት አንድ በአንድ በጓሮ በር ተመለሱ። በ1961 ካሊፎርኒያ ፖሞና ላይ ዊንተርናሽናልስ የሚባለው የኤን ኤች አር ኤ ዓመታዊ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ዶን ኒኮልሰን በሼቭሮሌ 409 ስቶኩን አሸነፈ፣ 409 የሞተሩ መጠን ነው በኩቢክ ኢንች። በሚቀጥለው ዓመት ይሄው ሞተር ሁለት ካርቡሬተር ሆኖ 409 ፈረስ ተባለለት፣ ፖንቲያክ 421ን አወጣ፣ ፎርድ 406ን፣ ዶጅና ፕሊሙዝ ደግሞ ማክስ ዌጅ የሚባለውን 413። ሁሉም 400 ፈረስ አልፈዋል፣ ሁሉም ነጋዴ ጋ ሄዶ ማዘዝ ይቻላል። ማሰብ ነው እንግዲህ፣ የሰፈር ሱቅ የሚላክበት መኪና ሻንሲ ላይ።

ከዛ ክብደቱ ላይ መጡ። ፓራፋንጎ በአሉሚኒየም፣ ኮፈን በአሉሚኒየም፣ ፓራውልትም በአሉሚኒየም። ፖንቲያክ በ1963 የሻንሲውን ብረት ራሱን በትልልቅ ቀዳዳ በስቶት 14 መኪና ሰራ፣ ሰው የስዊስ አይብ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ሼቭሮሌም ዜድ 11 የሚባለውን 427 ኢምፓላ 57 ብቻ ሰርቶ አወጣ። በዛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን ጄኔራል ሞተርስ ከውድድር ሙሉ በሙሉ ውጡ የሚል ትእዛዝ ከላይ አወረደ፣ ሼቭሮሌና ፖንቲያክ ሜዳውን ለፎርድና ለክራይስለር (የዶጅና የፕሊሙዝ ባለቤት) ለቀቁ።

ኤን ኤች አር ኤ በዚህ መሀል ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ይሄ ሁሉ ነገር ስቶክ ነው ብሎ ከእውነተኛ የሰፈር መኪና ጋር ማሰለፍ ስለማይቻል በ1962 ፋብሪካ ኤክስፔሪመንታል የሚባል አዲስ ክፍል ከፈተ፣ በአጭሩ ኤፍኤክስ። ፋብሪካ የሰራው ነገር ግን በብዛት ያልሸጠው መኪና እዛ ይግባ ነው ሀሳቡ። ድሮ ፎቶ ላይ ኤ/ኤፍኤክስ የሚል መስታወት ካያችሁ ይሄ ነው፣ ፎቶው ከ62 እስከ 60ዎቹ አጋማሽ የተነሳ እንደሆነም በዛው ታውቃላችሁ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም የምወደው ዘመን ነው። በ1964 ፎርድ ፌርሌን የምትባለውን መካከለኛ መኪና ወስዶ ትልቁን 427 ሞተር ጠቅጥቆ አስገባባት፣ ተንደርቦልት አላት፣ 100 ገደማ ነው የተሰራው። ቀረብ ብላችሁ የፊት መብራቷን እዩ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት መሆን ነበረበት፣ የውስጥኞቹ መብራቶች የሉም። ቦታቸው ላይ ወንፊት ተደርጎበታል፣ ከኋላው ወፍራም ቱቦ ተያይዞ ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ወደ ካርቡሬተሩ ይወስዳል። ራዲዮ የለም፣ ማሞቂያ የለም፣ ምንጣፍ የለም፣ የተሳፋሪው በኩል ያለው የዝናብ መጥረጊያ እንኳን ወጥቷል፣ ኪሎ ለመቆጠብ። ይሄ መኪና እንግዲህ ሱፐር ስቶክ ነው የተባለው፣ ከነጋዴ የሚገዛ። በዛው ዓመት ክራይስለር 426 ሄሚን አመጣ፣ 425 ፈረስ ነው ብሎ ያስመዘገበው ሞተር ማንም ሰው 425 ነው ብሎ አላመነም።

በ1965 ነገሩ ፈነዳ። ፎርድ ሙስታንግ ላይ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚያነሳው ዘንግ) ከቴስታታው በላይ የሆነ 427 ሞተር አድርጎ ኤ/ኤፍኤክስ ይዞ መጣ፣ ቢል ሎውተን ታስካ ፎርድ በሚባለው ነጋዴ ሙስታንግ የዛን ዓመት ዊንተርናሽናልስ በዚሁ ክፍል አሸነፈ። ክራይስለር ደግሞ የኋላ ጎማውን 38 ሳንቲሜትር፣ የፊቱን 25 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ገፍቶ አዲስ መኪና ሰራ፣ የመኪናው ክብደት ከኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍ ማለት ነው። ኤን ኤች አር ኤ ይሄ ከስቶክ ወጥቷል ብሎ አልቀበልም አለ። እነሱም ሌላ ሜዳ ሌላ አወዳዳሪ ፈልገው ሮጡበት፣ መልካቸው ለማየት ያስቅ ስለነበር ፈኒ ካር የሚለው ስም ወጣላቸው። ዛሬ ናይትሮ የሚያቃጥለው ያ ከ10 ሺህ በላይ ፈረስ የሚባልለት ፈኒ ካር የመጣው ከስቶክ ክፍል ጸብ ነው! ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚያየው ነገር አባቱ ያ ሰው በርገር ሊገዛ ሲነሳ የሚያልፈው መኪና ነው።

በዚህ መሀል መዘለል የሌለባት ሰው አለች፣ ሸርሊ ሻሃን። በ1966 ፖሞና ላይ በሄሚ ፕሊሙዝ ቶፕ ስቶክ የሚባለውን ምድብ አሸነፈች፣ በኤን ኤች አር ኤ አገር አቀፍ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ስለ ሴት ድራግ ሬሰሮች ሲወራ ሁሌ ከ70ዎቹ ነው የሚጀመረው፣ ከዛ በፊት ግን ስቶክ ክፍል ውስጥ ተሰርቷል ነገሩ።

ወደ መስታወቱ እንመለስ፣ ኤስኤስ የሚለው። በ1967 ሱፐር ስቶክ ራሱን የቻለ ትልቅ ክፍል ሆነ፣ በውስጡ ብዙ ንኡስ ክፍሎች ያሉት፣ ደካማው ቀድሞ እየተለቀቀ የሚወዳደሩበት። ልጆች ሆነን ስንሽቀዳደም ትንሹን ልጅ አንተ እዛ ዛፉ ጋ ቁም እንለው እንደነበረው ነው። በዛ ዓመት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ቢል ጄንኪንስ በካማሮ አሸነፈ። ፋብሪካ ለሱፐር ስቶክ መኪና ማስገባት ከፈለገ ቢያንስ 50 መስራት ነበረበት፣ ይቺን 50 የምትል ቁጥር ያዟት ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚመጡት ታዋቂ መኪኖች ሁሉ የተወለዱት ከሷ ነው።

ፎርድ በ1968 ለፖሞና ሃምሳ ገደማ ነጭ ሙስታንጎች በ428 ኮብራ ጄት ሞተር ሰርቶ አመጣ። ያስመዘገበው ጉልበት 335 ነው። እውነተኛው ከ400 በላይ ነበር። ከላይ የሰራነውን ስሌት አስታውሱና ምን እንደተደረገ ታዩታላችሁ። አል ጆኒየክ ከነዚህ በአንዱ የሱፐር ስቶክን አጠቃላይ አሸናፊነት ወሰደ። ኤን ኤች አር ኤ ደግሞ እንዲህ ካሉ ነገሮች ትምህርት ወስዶ የፋብሪካውን ቁጥር መቀበል ተወ፣ እኛ ነን ጉልበቱን የምንወስነው አለ። ይሄ ፋክተርድ የሚባለው ጉልበት ነው። ዛሬ አንድ መኪና ከሚጠበቅበት በጣም ፈጥኖ ሲሄድ ጉልበቱ ላይ ይጨመርበታል፣ ጉልበት ሲጨመር ወይ ክብደት መጫን አለበት ወይ ወደ ፈጣኑ ክፍል ይወጣል። ስለዚህ እንደኛ አገር ሊብሬ ላይ ወይም የድሮ ካታሎግ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ክፍሉን ለማስላት ብትሞክሩ አይገጥምላችሁም፣ ድርጅቱ በየዓመቱና በየሞዴሉ ያወጣውን ዝርዝር ነው ማየት ያለባችሁ፣ ኦንላይን አለ።

በ1968 ሌላው የመጣው ሄሚ ዳርትና ሄሚ ባራኩዳ ነው፣ 80 ገደማ ዳርትና 70 ገደማ ባራኩዳ፣ ኸርስት የሚባለው ኩባንያ ነው የገጣጠማቸው። አንዷን በቅርብ የማየት እድል ካገኛችሁ በሩን ከውስጥ እዩ። የመስኮት ማዞሪያ የለም። በምትኩ ቀበቶ የሚመስል ጨርቅ አለ፣ ስትስቡት መስታወቱ ይወጣል፣ ቆልፍ ታደርጉታላችሁ፣ መስታወቱ ራሱ ከተለመደው የሳሳ ነው። ወንበሮቹ ከዶጅ ቫን የመጡ ቀላሎች ናቸው፣ የኋላ ወንበር የለም፣ ባትሪው ኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ ነው። ቀለም እንኳን አልተቀቡም ነበር፣ ገዢው ራሱ ይቀባቸዋል። መንገድ ላይ እንዳይነዱ የሚል ማስጠንቀቂያም ተለጥፎባቸዋል። ከፋብሪካ እንደወጣ የሚለው ቃል እስከዚህ ድረስ ነው የተለጠጠው። እነዚህ መኪኖች እስከ ዛሬ የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ መስታወት ላይ ኤስኤስ/ኤኤች የሚል ካያችሁ እነሱ ናቸው። ኢንዲያናፖሊስ ላይ ለብቻቸው ያለ ቅድሚያ ጎን ለጎን ተነስተው ይሮጣሉ፣ 8 ሰከንድ ተኩል አካባቢ ነው የሚሄዱት። ከ50 ዓመት በላይ የሆነው መኪና!

በ1969 ደግሞ ሼቭሮሌ። በይፋ ውድድር የለም እየተባለ ኢሊኖይ ውስጥ ላ ሃርፕ የምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ ፍሬድ ጊብ የሚባል የሼቭሮሌ ነጋዴ በልዩ ማዘዣ 50 ካማሮ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም በሆነ 427 ሞተር አዘዘ፣ 50ዋን ቁጥር አያችኋት አይደል። ዜድ ኤል 1 ነው ስሙ፣ በአጠቃላይ 69 ተሰሩ፣ 430 ፈረስ ተብሎ ተመዘገበ፣ ከ500 በላይ ነው የሚሰጠው። ዋጋው ከ7 ሺህ ዶላር በላይ ስለመጣ በዛን ጊዜ የሚገዛው ጠፋ፣ አብዛኞቹ ወደ ሌሎች ነጋዴዎች ተላለፉ። ዛሬ ባለቤት የሆነ ሰው ምን ያህል እንደታደለ እናንተው ገምቱት።

በ1970 ትልልቆቹ ስሞች ቅድሚያ መስጠት ሰለቸን፣ እኩል እንነሳ ብለው ፕሮ ስቶክ የሚባለው ተወለደ፣ የመጀመሪያውን ውድድር ፖሞና ላይ ጄንኪንስ ሮኒ ሶክስን አሸንፎ ወሰደ። ከዛ በኋላ ገንዘቡና ካሜራው ከነሱ ጋር ሄደ። ስቶክና ሱፐር ስቶክ የቀሩት በራሱ ጋራዥ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ከልጁና ከሚስቱ ጋር ሆኖ ለሚሰራው ሰው ነው። በኔ እይታ ይሄ ነው ያዳናቸው፣ ፕሮ ስቶክ ቀስ በቀስ ከመንገድ መኪና ጋር ያለው ዝምድና ስሙ ብቻ ሆኖ ሲቀር እዚህ ግን ዛሬም ካርቡሬተሩ ያ ሞዴል ይዞት የወጣው አይነት መሆን አለበት።

ስለ ልዩነታቸው ባጭሩ፣ ስቶክ ውስጥ ጎማው ከ9 ኢንች በላይ አይሰፋም፣ ካምሻፍቱ ቫልቩን የሚያነሳው ፋብሪካው ከወሰነው ከፍታ በላይ መሆን አይችልም። ሱፐር ስቶክ ሰፊ ጎማና የፈለገውን ካምሻፍት ይፈቅዳል። ከሩቅ መለየት ከፈለጋችሁ የኋላ ጎማውንና ኮፈኑን እዩ፣ ኮፈኑ ላይ ትልቅ የአየር ማስገቢያ ጉብታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሱፐር ስቶክ ነው።

ይሄ ሁሉ ህግ እንዴት ይጠበቃል ካላችሁ ሞተሩ ይፈታል። ትልልቅ ውድድር ላይ ያሸነፈ ሰው ቴስታታውን አውርዶ ያቀርባል፣ መርማሪው ቫልቩን ይለካል፣ የሚነድበትን ክፍል ላዩን በፕላስቲክ ዝርግ ከድኖ በቀዳዳው ከመለኪያ ቱቦ ፈሳሽ ያንጠባጥብበታል፣ ስንት ሲሲ እንደያዘ በነጠብጣብ ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ ካለው ያነሰ ከያዘ ድሉ ተነጠቀ። አይኔ እያየ የተቀጣ ሰው የለም ግን ምርመራውን ቆማችሁ ማየት ከቻላችሁ እንዳያመልጣችሁ፣ ከውድድሩ አያንስም።

አሁን ተቀምጣችሁ እንዴት እንደምታዩት። ከክፍሉ ፊደል ሌላ መስታወት ላይ ሌላ ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 11.50። ይሄ ዳያል ነው፣ ሹፌሩ መኪናዬ ዛሬ በዚህ ሰከንድ ይሄዳል ብሎ የሚያስመዘግበው። ለእያንዳንዱ ክፍል ድርጅቱ ያወጣው ኢንዴክስ የሚባል ሰከንድ አለ፣ ማጣሪያ ላይ ደረጃ የሚወጣው ከኢንዴክሱ በምን ያህል ፈጥነሃል በሚለው ነው፣ ዳያሉም ከኢንዴክሱ በላይ ሊዘገይ አይችልም። ድሮ ቅድሚያው የሚሰላው በክፍሉ ክብረወሰን ነበር፣ ታዲያ ሰው ክብረወሰኑ እንዳይወርድበት ሆን ብሎ መጨረሻ ላይ ፍሬን ይይዝ ነበር።

አንዱ 11.50 ሌላው 10.20 ከጻፉ ልዩነቱ 1.30 ሰከንድ ነው፣ ዘገምተኛው በ1.30 ሰከንድ ቀድሞ ይለቀቃል። የሚለቃቸው ከ1963 ጀምሮ የገና ዛፍ የሚባለው የመብራት ምሰሶ ነው፣ ከዛ በፊት ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር መሀል ቆሞ የሚያስነሳው። ሶስት ቢጫ መብራት በግማሽ ግማሽ ሰከንድ እየተከታተለ ይበራል፣ ከዛ አረንጓዴ። ሹፌሩ አረንጓዴውን ከጠበቀ ዘግይቷል፣ የመጨረሻዋን ቢጫ አይቶ ነው የሚለቀው፣ ከቸኮለ ደግሞ ቀይ ይበራና ያበቃለታል።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ሰውዬ በ0.030 ምላሽ ሰጥቶ 11.53 ሄደ፣ ከዳያሉ 0.03 ዘግይቷል፣ ድምሩ 0.060። ሁለተኛው ምላሹ 0.045፣ ሩጫው 10.21፣ ድምሩ 0.055። ሁለተኛው በ0.005 ሰከንድ አሸነፈ። በሰአት 200 ኪሎሜትር ሲታሰብ ይሄ 28 ሳንቲሜትር ነው፣ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል፣ አንደኛው ግን ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞ ነው የተነሳው። ያው ሁለተኛው 10.19 ቢሄድ ኖሮ ካለው በላይ ፈጥኗል ተብሎ ይወድቅ ነበር፣ ብሬክ አውት ይባላል። ለዚህ ነው መጨረሻው መስመር ጋ አንዱ መኪና አፍንጫው ዝቅ ሲል የምታዩት፣ ፍሬን ይዞ ነው፣ በስንዝር ለማሸነፍ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ሁለት የአንድ ክፍል መኪኖች ከተገናኙ ቅድሚያ የለም ብሬክ አውት የለም፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ የቀደመ ያሸንፋል። ሁለቱም መስታወት ላይ አንድ አይነት ፊደል ካያችሁ ከወንበር መነሳት ያለባችሁ ያኔ ነው።

ሌላ ለኛ ሰው ቶሎ የሚገባ ነገር፣ ከፍታ። አዲስ አበባ ላይ ሞተር እንደሚደክም እናውቃለን፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ዴንቨር አጠገብ ባንዲሚር የሚባል ሜዳ ነበር፣ ከባህር ወለል ወደ 1,770 ሜትር ላይ፣ በ2023 ነው የተዘጋው። እዛ ኢንዴክሱ በከፍታ ይስተካከል ነበር። ስለዚህ የሁለት ሜዳ ሰከንድ ስታወዳድሩ መጀመሪያ ከፍታውን ጠይቁ።

ፋብሪካዎቹ ደግሞ ተመልሰዋል። ፎርድ በ2008 ኮብራ ጄት ሙስታንግን 50 ሰራ፣ ሼቭሮሌ በ2012 ኮፖ ካማሮን 69 ሰራ፣ ሁለቱም ቁጥሮች ከየት እንደመጡ አሁን ታውቃላችሁ። ዶጅም በቻሌንጀር ድራግ ፓክ ገባ። ኤፍኤስ ብዬ ያለፍኩት ይሄ ነው፣ ሰሌዳ የማይለጠፍበት ከፋብሪካ ለሜዳ ብቻ የሚሸጥ መኪና። አንዳንድ የድሮ ሰዎች ገንዘብ ያለው ገዝቶ ይመጣል ብለው ያጉረመርማሉ፣ እኔ ግን ከ1964ቷ ተንደርቦልት የተለየ ነገር አይታየኝም፣ ስቶክ ሁሌም እንዲህ ነበር።

ለማየት፣ ዳላስ ያላችሁ ኤኒስ ላይ ቴክሳስ ሞተርፕሌክስ አለላችሁ፣ ሲያትል ያላችሁ ኬንት ላይ ፓሲፊክ ሬስዌይስ፣ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ያው ፖሞና፣ ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ሪዲንግ ፔንሲልቬንያ አካባቢ ሜፕል ግሮቭ። ሁሉንም ትታችሁ አንዴ ብቻ ትሄዳላችሁ ከተባለ በሌበር ዴይ ሰሞን ኢንዲያናፖሊስ ሂዱ፣ የክፍል ማጣሪያው በሙሉ እዛ ነው። ማለዳ ድረሱ፣ ስቶክ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚሮጠው፣ ለልጆች የጆሮ መከላከያ ያዙ። የኤን ኤች አር ኤ ትልልቅ ውድድሮች ቲኬት መኪኖቹ የሚዘጋጁበት ቦታ ያስገባል፣ ክፍት ኮፈን ካያችሁ ቀርባችሁ ሰላም በሉ። ስንት ፈረስ ነው ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ፋብሪካው ስንት አለው፣ አሁንስ ስንት ላይ ደረሰበት ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰውየው ወንበር አውጥቶ ነው የሚያስረዳችሁ።